የሻገተው ዳቦ የማን ነው?

እህቴን በስሟ የሚጠራት ሰው ካገኛችሁ ለኔም ንገሩኝ። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአንደኛ ክፍል ሕፃን ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ "እጅ አሳይ" ነው የሚሏት። የተማሪዎቹን ክበብ ይዘን የምንሠራው እሷና እኔ ነን። ክበብ ስላችሁ ሰፊ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፣ በመስኮቷ ዳቦ በእንቁላል፣ ዳቦ በድንችና ሻይ እንሸጣለን። የእረፍት ደወል ሲደወል ልጆቹ እየተገፈታተሩ ይመጣሉ። እህቴ መስኮቱን ከፍታ መጀመሪያ የምትላቸው "እጅ!" ነው። ሁለት እጁን ከውስጥም ከውጭም ያላሳየ ልጅ ከእሷ ዳቦ አይቀበልም። ጥፍሩ የጠቆረ ወደ ቧንቧው ይመለሳል፤ ቢለምናት፣ ቢያለቅስባት፣ ደወል ሊደወል ነው ቢላት ይመለሳል። አንድ ቀን የሳይንስ መምህሩ ራሱ በጠመኔ የነጣ እጁን ይዞ ቢመጣ መለሰችው። ደግነቱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ስቆ ታጥቦ መጣ።

እሷ ራሷ ደግሞ ስትታጠብ ነው የምትውለው። ዳቦ ሳትቆርጥ ትታጠባለች፣ ቆርጣ ትታጠባለች፣ ሳንቲም ነክታ ትታጠባለች፣ እኔ ካስነጠስኩ እኔን ተቆጥታ እሷ ትታጠባለች። ፎጣ የሚባል ነገር ግን ክፍሏ ውስጥ አይገባም። "ፎጣ ማለት የሰው ሁሉ ቆሻሻ የሚሰበሰብበት ነው" ትላለች። ሽርጧ ላይም አትጠርግም፤ ሽርጧ ነጭ ነው፣ ነጭ ሆኖ ነው ውሎ የሚገባው። እጇን ሁለቴ ሦስቴ ታራግፍና ሥራዋን ትቀጥላለች። የጨበጣት ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ እጁን ልብሱ ላይ ሲያብስ እያየሁ በሳቅ እሞታለሁ።

ስስቅባት ግን ሆዴን ቅር የሚለኝም ጊዜ አለ፤ ነገሩ ከየት እንደመጣባት አውቃለሁና። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያኔ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ሰሃኔ ላይ ቅባት አገኘሁ ብሎ ጮኸ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እህቴን ጠርታ፣ እጇን አንጓዋ ላይ ይዛ ብድግ አደረገችና ለአስተናጋጁም ለአብሳዩም እያሳየች "በዚህ እጅ ነው ሰው የምናበላው?" አለች። በዚያው ቀን አሰናበተቻት። እህቴ ቤት ስትገባ እጇን በሳሙና ፈትጋ ፈትጋ ቆዳው ተልጦ ነበር። ያን ቀን ምን እንደበላን አላስታውስም፤ እጇን ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ ያ የድሮ ነገር ተመልሶ መጣባት። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሆዱን አመመውና እናቱ ዳይሬክተሯ ቢሮ ድረስ መጥታ "ልጄን መረዛችሁት" ብላ ግቢውን ቀውጢ አደረገችው። ልጁ ያን ቀን ከእኛ ሻይ እንኳን እንዳልገዛ እምላለሁ፤ ግን ማን ይሰማኛል? ሴትየዋ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናት። ዳይሬክተሯ እህቴን አስጠሯት። እሳቸው ጯሂ አይደሉም፣ ለዛ ነው የሚያስፈሩት። "የክበቡ ኮንትራት በዚህ ተርም መጨረሻ ያልቃል" አሏት። "እኔ በሥራሽ ቅሬታ የለኝም። ግን ስለ ንጽሕና አንድ ነገር እንደገና ከተነሳ ኮሚቴው ፊት ልከራከርልሽ አልችልም።" እህቴ ከቢሮው ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። መስኮቷ ከሄደች ምን እንደሚውጠን ሁላችንም እናውቃለን። ባሏ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ የሰው መኪና ሲበላሽ እኛ ደህና ነን፣ የሰው መኪና ደህና ሲሆን እኛ ተበላሸን ማለት ነው። ቤታችን በመስኮቷ ነው የቆመው።

ልጃቸው አንዲት ናት፣ ሚጢ እንላታለን፣ አራተኛ ክፍል ናት። ዝምተኛ ናት ብላችሁ ብቻ እንዳታልፏት፤ ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ "ሽንት ቤት ልሂድ" ለማለት እንኳን አፍ የላትም። አስተማሪ ሲጠይቃት መልሱን እያወቀችው አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። በእኛ መስኮት እንኳን ተሰልፋ አታውቅም፣ በጓሮ በኩል ገብታ ዳቦዋን ተቀብላ ትወጣለች። እናቷ "እኔ ሳልኖር ለዚች ልጅ ማን ይናገርላታል?" እያለች ስትብሰለሰል ነው የኖረችው።

እንግዲህ ያ የሳይንስ መምህር ክፍል ገብቶ "የሳይንስ ቀን ደርሷል። ፕሮጀክት መሥራት የምትፈልጉ ንገሩኝ። ግዴታ አይደለም፣ ማርክም የለውም፣ የጓጓ ብቻ ይሥራ" አለ። ማርክ የለውም ሲባል ማን ይነሳል? እጃቸውን ያወጡት ጥቂት ልጆች ናቸው፤ ከነሱ አንዷ ሚጢ። መምህሩ ማመን አቅቶት መስኮታችን ድረስ መጥቶ ነገረን። እህቴ በደስታ ዳቦ በነፃ ሰጠችው፣ እጁን ካየች በኋላ ነው ታዲያ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?" አልኳት ሚጢን ቤት ስንገባ።

"ዳቦ የማን እጅ ሲነካው ቶሎ እንደሚሻግት።"

እህቴ ሳቀች። "ይሄማ ምን ፕሮጀክት ያስፈልገዋል፣ የአባትሽ ነዋ!" አለች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሚጢ ከአንድ ዳቦ ላይ እኩል እኩል አድርጋ አምስት ቁራጭ ቆረጠች። አንዱን ማንም ሳይነካው በሹካ አንስታ ውስጡ የሚታይ ነጭ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። አንዱን ራሷ ነካችው። ለኔ ልብስ ሳጣጥፍ መጥታ ዘረጋችልኝ፣ ነካሁላት። አባቷ እሑድም ቢሆን በር ላይ ከአንድ አሮጌ ሞተር ጋር ሲታገል ነበር የዋለው፣ እጁ ግሪስ በግሪስ ነው።

"ልታጠብ እንዴ?" አላት።

"አይ አባዬ፣ እንዳለህ።"

"እሺ፤ ግን ይሄን ዳቦ የቀመሰ ሻጋታ ራሱ ይሞታል" ብሎ ጫን አድርጎ ነካላት።

እናቷ ዘንድ ስትደርስ "ቆይ!" ተባለች። እህቴ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፣ ቀዶ ጥገና የምትገባ ይመስል በሳሙና ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ አራገፈች፣ ከዚያ ዳቦውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። "ይኸው! እናያለን!" አለች። ሚጢ በቁራጭ ወረቀት "የእማዬ"፣ "የአባዬ"፣ "የአክስቴ"፣ "የኔ"፣ "ማንም ያልነካው" ብላ ጽፋ በየላስቲኩ ላይ በፕላስተር ለጠፈችና አምስቱን ቁም ሳጥኑ ላይ ደረደረቻቸው።

እህቴ እዚህ ላይ አፏን ብትይዝ ምን ነበረበት! በማግስቱ ዳይሬክተሯ በመስኮታችን ሲያልፉ አንገቷን አውጥታ ጠራቻቸው። "ልጄ ፕሮጀክት ይዛለች፣ የማን እጅ ንጹህ እንደሆነ በሳይንስ ሊታይ ነው! የኔንም ያዩታል!" አለቻቸው።

ዳይሬክተሯ ፈገግ አሉ። "ጥሩ ነዋ። ኮሚቴዎቹንም ይዤ መጥቼ አየዋለሁ" አሏት። እህቴ ያን ቀን ስታንጎራጉር ዋለች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሚጢ ወንበር ላይ ቆማ ዳቦዎቿን ስታይ ቀጥ ብላ ቀረች። ምን ሆና ነው ብዬ ሄድኩ። አራቱ ላይ ምንም የለም። አምስተኛው ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አለች። ወረቀቱን አነበብኩት፤ "የእማዬ" ይላል።

"ወይ ጉድ!" ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት፣ ምን ላድርግ! ባሏም መጥቶ አየና ሁለት ጥቁር እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ቤቱን ዞረው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ 'ሂድ ታጠብ' የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ ሳይንስን ያናግር!" አለ። እህቴ ግን አልሳቀችም። ላስቲኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደች። ቧንቧው ሳይዘጋ ብዙ ቆየ።

ነጥቧ አላረፈችም። በማግስቱ ሰፋች፣ በማግስቱ ፀጉር አበቀለች፣ ጥቁርም ነጭም ጨመረች። የባሏ ዳቦ፣ የዛ ሞተር ሲፈታ የዋለ ሰው ዳቦ፣ የጣቶቹ ጥቁር አሻራ በሥሩ በኩል ታትሞ፣ ላዩ ንጹህ እንደሆነ ተቀምጧል። እህቴ ምግብ መብላት አቆመች። እንቅልፏ ሄደ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። ሥራ ላይ ዳቦውን በሹካ ማንሳት ጀመረች፤ ሹካውንም ታጥበዋለች። የባሰውን ልንገራችሁ? "እጅ!" ማለት ተወች። ልጆቹ ለምደውታልና ሳትጠይቃቸው እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፣ እሷ ወደ ሌላ እያየች ዳቦውን ታቀብላቸዋለች። "ምን አፍ አለኝ ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦ እኮ ነው!" አልኳት ንድድ ብሎኝ።

"ዳቦ አይደለም፣ እጄ ነው። ያቺ ሴትዮ ትመጣለች። 'የእማዬ' የሚለውን ታነበዋለች። ልጄ በአፏ፣ 'የእናቴ እጅ ከሁሉም ቆሻሻ ነው' ብላ ሰው ፊት ትናገራለች። ከዚያ ማን ነው ከኔ የሚገዛው? ማን ነው ኮንትራት የሚሰጠኝ? በገዛ አፌ ጠርቻቸው!" እኔም ከዚያ በኋላ መቀለድ ተውኩ፣ ፍርሃቷ ወደኔም ተጋባ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ሚጢን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ፀጉሯን እየዳበሰች በለሆሳስ ጀመረች።

"የኔ እናት፣ ይሄ ፕሮጀክት ግዴታ አይደለም አይደል?"

"አይደለም።"

"ማርክም የለውም።"

"የለውም።"

"ታዲያ ብትተዪውስ? ሰው ፊት መቆሙም ያስጨንቅሻል። ሌላ ጊዜ ሌላ ትሠሪያለሽ። ግዴታ አይደለም እኮ።"

ሚጢ ወለሉን እያየች "አውቃለሁ" አለች። "ለዛ እኮ ነው የምሠራው።"

ልጅቷ በሕይወቷ "እፈልጋለሁ" ብላ የያዘችው ነገር ይሄ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይሄን እናቷም አጥታው አይደለም። እህቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ልትሄድ ስትል ሚጢ እንደገና ድምፅ አወጣች።

"እማዬ፣ ያን ቀን ዳቦውን ስትይዢው እጅሽ እርጥብ ነበር?"

"ታጥቤ ነበር አልኩሽ እኮ! ታጥቤ ነበር! አንቺም ልትመረምሪኝ ነው?" እህቴ ልጇ ላይ ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሚጢ ዓይን እንባ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳቦው አንድም ቃል አልጠየቀቻትም። እኔን ብቻ በማግስቱ ጠዋት በጓሮ በር መጥታ "አክስቴ፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሹካ አንስተሽ ስጪኝ፣ ለቲቸር ነው" አለችኝ። ሰውየው ደመወዝ አልደረሰለትም ይሆናል ብዬ ሰጠኋት።

የሳይንስ ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ከመኝታዬ ተነስቼ ስወጣ እህቴ ወንበር ላይ ቆማ ቁም ሳጥኑ ላይ እጇን ሰዳለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"አቧራ ልጠርግ ብዬ" አለች ሳትዞር።

ልትጥለው ነው ብዬ ሄጄ አየሁ፤ አምስቱም ላስቲኮች በየቦታቸው አሉ። እፎይ አልኩ። እሷ ራሷ ካርቶን ውስጥ አድርጋ፣ ተሸክማ፣ አዳራሹ ድረስ ወሰደችው፤ ጠረጴዛው ላይም ደርድራ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው፤ መምህሩ እንግዶቹ እስኪመጡ ሁሉም ይሸፈን ብሎ ነበር። ያን ቀን መስኮታችን ላይ ዝም ብላ ዳቦ ቆረጠች። ጭንቀቱ ወጥቶላት ነው ብዬ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ከቀትር በኋላ ክበቡን ዘግተን ሽርጣችንን እንኳን ሳንፈታ አዳራሹ ገባን። ባሏ ከጋራዥ ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንዱ ልጅ ባቄላ በጨለማና በብርሃን አብቅሏል፣ አንዷ በማግኔት ሚስማር ትጎትታለች። ዳይሬክተሯ ኮሚቴዎቹን አስከትለው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይሄዳሉ፤ ያቺ እናት ከጎናቸው ናት። ወደ ሚጢ ጠረጴዛ በቀረቡ ቁጥር የእህቴ ጣቶች ክንዴን ሲቆነጥጡኝ ይሰማኛል። ጣቶቿ እንደልማዳቸው እርጥብ ናቸው።

ደረሱ። ሚጢ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ ጨርቁን ገለጠችው። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና ወረቀቶቹን አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው እህቴን ፈልገው አገኟት።

"የእማዬ የሚለው ንጹህ ነው። እንዳልሽውም ነው" አሏት ፈገግ ብለው። ያቺ እናትም ጎንበስ ብላ አየች። እህቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እኔ ግራ ገባኝ፤ ካለሁበት ሆኜ የሻገተው ላስቲክ ይታየኛል፣ የቱ የማን እንደሆነ ደግሞ እኔ ነኝ በየቀኑ የማየው። ክንዴን ስትለቀው ገባኝ፤ የጠዋቱ አቧራ ይሄ ነበር!

ወዲያው ሚጢ፣ የተባለውን ሳትሰማ፣ በቃሏ የያዘችውን መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፣ መምህሩ "ጎሽ፣ ትንሽ ጮክ" አላት። ጮክ አለች።

"ሰው ሁሉ ዳቦ የሚሻግተው ቆሻሻ እጅ ሲነካው ነው ይላል። እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት። የሻገተው ግን የእናቴ ነው፣ የእናቴ እጅ ደግሞ ከሁላችንም እጅ ንጹህ ነው። አልገባኝም ነበር። ከዚያ ሳየው የእሷ ላስቲክ ውስጥ የውሃ ጠብታ አለ፣ ሌሎቹ ውስጥ የለም። እናቴ ሁልጊዜ ትታጠባለች፣ እጇ አይደርቅም።" ከጠረጴዛው ሥር ሌሎች ሁለት ላስቲኮች አወጣች። "እነዚህን ማንም አልነካቸውም። አንዱ ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አንጠባጠብኩበት፣ የቲቸር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥናቸው። እርጥቡ ሻገተ። ደረቁ አልሻገተም። ስለዚህ የእናቴ ዳቦ የሻገተው እጇ ስለቆሸሸ አይደለም። ስለምትታጠብ ነው። ይኸው፣ ጠብታውን እዩት፣ ይሄ የእናቴ..."

የሻገተውን ላስቲክ ወደ ላይ አንስታ ወረቀቱን አየችው። ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

"የአባዬ ነው የሚለው እኮ" አለች ያቺ እናት።

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ ባሏ አላስቻለውም። ከግድግዳው ተላቆ "አዎ፣ የኔ ነው! ያን ቀን እኔም ታጥቤ ነበር!" ብሎ ሁለት እጁን አወጣ። ከሰል ይመስላሉ። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ሚጢ አልሳቀችም። ዞራ እናቷን አየቻት። ወረቀቱ የተነቀለበትን፣ ፕላስተሩ እንደገና የተጫነበትን እያየች ነበር፣ ጅል ልጅ አይደለችም። እህቴም አየቻት። እኔ መሃላቸው ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚጢ ላስቲኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ ተመልሶ ወደ ጥንቱ ወርዷል። "ስለጥፈው ተሳስቼ ነው።"

መምህሩ አዘነላት። "ምንም አይደል ሚጢ፣ ከፈለግሽ እዚህ ላይ ማቆም ትችያለሽ" አላት። ሚጢ ጨርቁን አንስታ ዳቦዎቹን መልሳ መሸፈን ጀመረች። ልጅቷ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ሰው ፊት የቆመችው ለእናቷ ልትመሰክር ነበር፣ አሁን ደግሞ የእናቷን ጥፋት ራሷ ላይ አድርጋ ልትቀመጥ ነው።

"አልተሳሳተችም!"

እህቴ ናት። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። ላብ አጥምቋታል። መምህሩ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ "እናት፣ ሰው ፊት የመናገር ግዴታ እኮ የለብዎትም" አላት።

"አውቃለሁ" አለች። "ለዛ እኮ ነው የምናገረው።"

ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ልጆቹን እንደምታዘረጋቸው፣ መጀመሪያ ከውስጥ፣ ቀጥላ ከውጭ። "በየቀኑ ልጆቻችሁን እጅ አሳዩ የምለው እኔ ነኝ። ይኸው የኔ። የሻገተው ዳቦ የኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ነቅዬ ከባሌ ጋር ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ሥራዬን እንዳትወስዱብኝ ፈርቼ። ልጄ ጠይቃኝ ነበር፣ ጮህኩባት እንጂ አልሰማኋትም። እሷ ምንም አልተሳሳተችም።" ከዚህ በላይ አልቻለችም፣ እንባዋ መጣ።

ያቺ እናት ዳይሬክተሯን አየች። ዳይሬክተሯ የእህቴን እጅ አዩ፣ ዳቦዎቹን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስለ ኮንትራቱ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይ፣ እንነጋገራለን" አሉ። ፊታቸው ላይ ክፉም ደግም አይነበብም።

ሚጢ ግን ሰኞን የሰማችው አልመሰለኝም። ጨርቁን መልሳ ገልጣ ሁለቱን ወረቀቶች በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። አንደኛው እሺ አላለም። እህቴ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ልታግዛት እጇን ሰደደች።

"ቆይ እማዬ" አለች ሚጢ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማት። "መጀመሪያ እጅሽን አድርቂ።"

እህቴ እጇን አየችው፣ በእንባ ረጥቧል። ከዚያ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። ነጩን ሽርጧን ከፍ አደረገችና እጇን ጠረገችበት፣ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። ጨርሳ ለልጇ ዘረጋችላት። ሚጢ ከውስጥም ከውጭም አየችና ወረቀቱን ሰጠቻት፤ እህቴ "የእማዬ" የሚለውን በገዛ እጇ የሻገተው ዳቦ ላይ ለጠፈችው። "ይኸው፣ ይሄ የእናቴ ነው" አለች ሚጢ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።

ሰኞ ነገ ነው። ይሄን ሳወራችሁ እህቴ ቧንቧው ጋ ናት፤ ጭንቀቱ የት ይለቃታል፣ ከጠዋት ጀምሮ እየታጠበች ነው። ሚጢ አጠገቧ ፎጣ ይዛ ቆማለች።